የትራክተር መቀመጫን ከዝናብና ከፀሐይ ማዳን፦ አፈታቱ፣ አደራረቁ፣ አሸፋፈኑና መልሶ አገጣጠሙ

የትራክተር መቀመጫ የሚበላሸው ሳይሸፈን በመቅረቱ ብቻ አይደለም፤ እርጥብ ሆኖ በመሸፈኑም ይበላሻል። በላስቲክ ተጠቅልሎ የከረመ መቀመጫ ሲገለጥ ስፖንጁ ሻግቶ፣ ሥሩ ያለው ላሜራ ዝጎ የሚገኘው ለዚህ ነው። ውሃ በስፌቱ ቀዳዳዎችና በቪኒሉ፣ ማለትም ቆዳ በሚመስለው የፕላስቲክ ልባስ፣ ስንጥቅ ይገባል፤ ስፖንጁ ይጠጣዋል፤ ቀስ በቀስ ወደ ታች ወርዶ ላሜራው ላይ ይተኛል። ከላይ ሲታይ ደረቅ የሚመስል መቀመጫ ውስጡ ለሳምንታት እርጥብ ሊሆን ይችላል። አየር የማያስገባ ላስቲክ ከተደረበበት ደግሞ ያ ውሃ መውጫ የለውም።

ስለዚህ መጀመሪያ ይፈታል፣ ቀጥሎ ይደርቃል፣ ይጠገናል፣ መጨረሻ ላይ ይሸፈናል። ማድረቅን ዘሎ ወደ መሸፈን የሄደ ሰው ሌላውን ሥራ ሁሉ በትክክል ቢሠራም ድካሙ ከንቱ ነው።

መጀመሪያ የመቀመጫዎን ዓይነት ይለዩ

አፈታቱ እንደ ዓይነቱ ይለያያል። በቆዩ ትራክተሮች ላይ የሚገኘው የላሜራ መቀመጫ በአንድ ባሌስትራ ላይ፣ በአንድ ወይም በሁለት ብሎን የታሰረ ነው። በአነስተኛና በመካከለኛ ትራክተሮች ላይ የሚበዛው ስፖንጅና ቪኒል ያለው፣ በሁለት ማንሸራተቻ ሐዲዶች ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሄድ፣ አብዛኛውን ጊዜ በአራት ብሎን የታሰረ መቀመጫ ነው። ሦስተኛው ከሥሩ መቀስ መሰል እግርና ሞላ፣ ወይም በሞላው ፈንታ የአየር ከረጢት አለው። ይህኛው ከባድ ነው፣ ጣትም ይቆነጥጣል፤ ለብቻዎ አይፍቱት።

ከመቀመጫው ሥር የኤሌክትሪክ ሽቦ መኖር አለመኖሩንም አጎንብሰው ይመልከቱ። ሽቦ ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜ አሽከርካሪው መቀመጡን የሚያውቅ ስዊች አለ ማለት ነው። ይህ ስዊች ሰው ከመቀመጫው ሲነሳ ሞተሩን ወይም ፒቲኦ የሚባለውን ኃይል ማውጫ ዘንግ ያጠፋል፤ በአንዳንድ ሞዴል ላይ ማስጠንቀቂያ ድምፅ ያሰማል። የሰው ሕይወት የሚጠብቅ ክፍል ስለሆነ ከዚህ በታች ብዙ ቦታ ላይ ይነሳል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ቡሶላና ክፍት ቁልፍ፦ 13፣ 16 እና 17 ሚሊሜትር። በኢንች የተሠራ ትራክተር ከሆነ 1/2 እና 9/16 ኢንች
- ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ባለ 80 እና ባለ 120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት
- ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ቴስተር፣ ሚዛን
- ጓንት፣ የዓይን መከላከያ፣ ሻጋታ ካለ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ
- ለብ ያለ ውሃ፣ ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ ብዙ ደረቅ ጨርቅ
- ዝገት መከላከያ ቀለምና የላይ ቀለም
- በውሃ የተሠራ የቪኒል ፀሐይ መከላከያ ፈሳሽ
- ብሎኖቹን የሚያስቀምጡባቸው ትናንሽ ከረጢቶችና የማይለቅ እስክሪብቶ

ስለ ቁልፉ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የ8 ሚሊሜትር ብሎን ራሱ 13 ሚሊሜትር ሲሆን የ5/16 ኢንች ብሎን ራስ ደግሞ 1/2 ኢንች፣ ማለትም 12.7 ሚሊሜትር ነው። 13 ቁልፍ በሁለቱም ላይ የሚገባ ይመስላል፤ በኢንቹ ላይ ግን ልል ስለሚሆን ዝገት ያጠበቀውን ብሎን ማዕዘኑን ይልጠዋል። ቁልፉ ከተወዛወዘ ቁጥሩ አይደለም፤ ሌላ ይሞክሩ።

ደረጃ 1፦ ትራክተሩን አደላድለው ያቁሙ

1. ደልዳላ መሬት ላይ ያቁሙ፤ ከኋላ ወይም ከፊት የተንጠለጠለ ዕቃ ካለ መሬት ላይ ያውርዱት።
2. ፒቲኦውን ያጥፉ፤ ማርሹን በአምራቹ መመሪያ መሠረት ያስቀምጡ፤ የእጅ ፍሬኑን ይያዙ።
3. ሞተሩን አጥፍተው ቁልፉን ነቅለው ኪስዎ ያስገቡ።
4. የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ ይፍቱ። የሚፈታው መጀመሪያ ኔጋቲቭ፣ የሚታሰረውም መጨረሻ ኔጋቲቭ ነው። ፖዘቲቩን አስቀድሞ የፈታ ሰው ቁልፉ የትራክተሩን ብረት በነካ ቁጥር ብልጭታ ያያል።

ባትሪውን ሳይፈቱ የመቀመጫውን ሶኬት መንቀል በአንዳንድ ትራክተሮች ኮምፒውተር ላይ የስህተት ምልክት ያስመዘግባል።

ደረጃ 2፦ ፎቶ ያንሱ፣ ምልክት ያድርጉ

ሽቦው በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ ሮንዴላዎቹ ከላይ ይሁኑ ከታች፣ ሐዲዱ በየትኛው ቀዳዳ ላይ እንደታሰረ ከአራቱም አቅጣጫ ፎቶ ያንሱ። ብዙ መቀመጫዎች ከሚፈለገው በላይ ቀዳዳ አላቸው፤ ሲመለስ በሌላ ቀዳዳ ከታሰረ ከፔዳሉ ይርቃል ወይም የጭቃ መከላከያውን ይነካል። የፊትና የኋላ ብሎኖች ርዝመት አንድ ላይሆን ስለሚችል በተለያየ ከረጢት ያስቀምጧቸው፤ በላዩም «ፊት ግራ»፣ «ኋላ ቀኝ» ብለው ይጻፉ።

ደረጃ 3፦ ሽቦውንና አየሩን ይለዩ

ሶኬቱን ሲነቅሉ መቆለፊያ ምላሱን ተጭነው የፕላስቲኩን አካል ይሳቡ፤ ሽቦውን ይዘው አይጎትቱ። ሽቦው ከውስጥ ቢበጠስ ከላይ ጤነኛ ይመስላል፤ ችግሩ የሚታየው በሥራ መካከል ሞተሩ ድንገት ሲጠፋ ነው። ጭቃ ያጠነከረው ሶኬት ከሆነ ለብ ባለ ውሃ አርጥበው ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ፤ በካቻቢቴ አይፈልቅቁት።

የአየር መቀመጫ ከሆነ ከፍታ ማስተካከያውን ተጠቅመው አየሩን ሙሉ በሙሉ ያስወጡ፤ መቀመጫው እስከ መጨረሻው ይውረድ። የሞላ ከሆነ የክብደት ማስተካከያውን ወደ ዝቅተኛው ያዙሩት። የተወጠረ ሞላ ያለበትን እግር መፍታት አደገኛ ነው፤ ለዚህ ሥራ ደግሞ አስፈላጊ አይደለም። የሚፈታው መቀመጫው ከትራክተሩ ጋር የተያያዘበት ብሎን ብቻ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላ ሞተሩ አልነሳ ሊል ይችላል። ሁለቱን ሽቦ በቁራጭ ሽቦ አገናኝቶ ማስነሳት የተለመደ ነገር ነው፤ አያድርጉት። እንዲህ የተገናኘ ሽቦ ተረስቶ ይቀራል። በኋላ አሽከርካሪው ቢወድቅ የሚያጠፋው ነገር የለም። ትራክተሩን ማንቀሳቀስ ካስፈለገ ከመፍታትዎ በፊት ያንቀሳቅሱት።

ደረጃ 4፦ ብሎኖቹን ይፍቱ

1. ከመፍታትዎ አንድ ቀን በፊት በእያንዳንዱ ዳዶና ብሎን ላይ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ይርጩ። ቪኒሉ ላይ የነጠበውን ወዲያው ይጥረጉ።
2. መቀመጫውን እስከ ጫፍ ወደ ፊት ያንሸራቱት፤ የኋላ ብሎኖች ይገለጣሉ። ሁለቱን ያላሉ፣ ግን አያውጡ።
3. እስከ ጫፍ ወደ ኋላ መልሰው የፊቶቹን ያላሉ።
4. አራቱም ከላሉ በኋላ ሦስቱን ያውጡ። አራተኛውን የሚያወጡት ረዳትዎ መቀመጫውን ሲይዝ ነው።

ብሎኑ አልፈታ ካለ። በጉልበት ከመግፋት በፊት ጥቂት ወደሚጠብቅበት ያዙሩት፤ ዝገቱ ሲሰነጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰማል። ከዚያ ወደ መፍቻው፣ እንደገና ወደ መጥበቂያው፣ እያፈራረቁ በዘይት ያርጥቡት። እሳት አይጠቀሙ። ስፖንጁ ፖሊዩሬቴን፣ ሽፋኑ ደግሞ ቪኒል ነው፤ ስፖንጁ ሲቃጠል ከጭሱ ጋር ሲያናይድ፣ ቪኒሉ ሲቃጠል አሲድነት ያለው ጋዝ ይወጣል። ከመቀመጫው አቅራቢያ የነዳጅ ታንከር ያላቸው ትራክተሮችም ጥቂት አይደሉም።

ዳዶው አብሮ ከዞረ። ከላሜራው ጋር የተበየደው ዳዶ ተላቋል ማለት ነው። ከሥር በጠባብ ቁልፍ ወይም በሚቆለፍ ፒንሳ ይያዙት። መያዣ ከሌለው በዳዶውና በላሜራው መካከል ጠፍጣፋ ካቻቢቴ አስገብተው ወደ ላይ እየነቀነቁ ብሎኑን ያዙሩ፤ ጫናው እንዳይዞር ይይዘዋል። ሲመልሱ ያንን ዳዶ አይጠቀሙ፤ በሰፊ ሮንዴላና በአዲስ ዳዶ ይተኩት።

ብሎኑ ከተቆረጠ። መቀመጫውን መጀመሪያ አንስተው ከሥፍራው ያርቁ። የቀረውን ቁራጭ መሐሉን በነጥብ መምቻ ምልክት አድርገው በቀጭን መሰርሰሪያ ይጀምሩ፣ ደረጃ በደረጃ ያስፉ። በዚህ ጊዜ የብረት ብናኝ ወደ ካምቢዮ እንዳይገባ አካባቢውን በጨርቅ ይድፈኑ።

ደረጃ 5፦ መቀመጫውን ያውርዱ

በሁለት ሰው፣ ከሥር ካለው ብረት ይዘው ያንሱ። የእጅ ማሳረፊያውን ወይም የማስተካከያ ዘንጉን መያዝ ክፉ ልማድ ነው፤ ዘንጉ ሲለቅ ሐዲዱ ይንሸራተትና ጣት ይቀረጥፋል። ሐዲዱ ከመንሸራተቱ በፊት በገመድ ቢያስሩት ይመረጣል። ውሃ የጠጣ መቀመጫ ከሚጠብቁት በላይ ይከብዳል።

ደረጃ 6፦ በትራክተሩ ላይ የቀሩትን ቀዳዳዎች ይድፈኑ

ይህን ደረጃ የሚዘልል ሰው ብዙ ነው፤ ጉዳቱ ግን ከመቀመጫው ዋጋ በላይ ሊሆን ይችላል። በአንዳንድ ትራክተሮች፣ በተለይ በቆዩት፣ የመቀመጫው ማሰሪያ ብሎኖች በቀጥታ በካምቢዮው ወይም በዲፈረንሻሉ ክዳን ላይ ይገባሉ። ብሎኑ ወጥቶ ቀዳዳው ክፍት ከቀረ ዝናቡ ወደ ዘይቱ ይገባል፤ ዘይቱ ወተት ይመስላል፣ ጥርሶችና ኩሺኔቶች ይዝጋሉ።

ስለዚህ መቀመጫው እንደወረደ እነዚያኑ ብሎኖች ከጎማ ሮንዴላ ጋር መልሰው በቀዳዳቸው ያስገቡ። ነገር ግን መቀመጫው ሲወጣ ብሎኑ በዚያው መጠን ጠልቆ ይገባልና ውስጥ ያለ ጥርስ እንዳይነካ በእጅ ብቻ ያስገቡት፤ ከተለመደው በላይ ከገባ አጠር ያለ ብሎን ይጠቀሙ። የሽቦውን ሶኬት ደግሞ በጨርቅ ጠርገው አፉን ወደ ታች አድርገው፣ በትንሽ ከረጢት ሸፍነው፣ ከረጢቱን ከላይ በናስትሮ አስረው ያንጠልጥሉት። የከረጢቱ የታች አፍ ክፍት ይሁን።

ቀዳዳዎቹ ሳይደፈኑ ዝናብ ከዘነበባቸው ሞተሩን ከማስነሳትዎ በፊት የካምቢዮውን ወይም የዲፈረንሻሉን ዘይት መለኪያ ዘንግ ያውጡ። ዘይቱ ነጣ ካለ ወይም አረፋ ከያዘ ይቀይሩት።

ደረጃ 7፦ ያጽዱ፣ ከዚያ በእርግጥ ያድርቁ

በለብ ያለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና፣ በለስላሳ ብሩሽ ይጥረጉ። ብሩሹ ይርጠብ እንጂ መቀመጫው አይዘፈቅ። በግፊት የሚረጭ ውሃ ስፌቱን አልፎ ስፖንጁን ይሞላዋል፤ ቤንዚን፣ ናፍጣና ቲነር ቪኒሉን የሚያለሰልሰውን ንጥረ ነገር እያሟሙ ያወጡታል። በረኪና ክሩን ያበሰብሳል። ሻጋታ ካለ ነጭ ኮምጣጤና ውሃ እኩል ቀላቅለው ይጥረጉት፤ ኮምጣጤና በረኪና ግን በፍጹም አይገናኙ፣ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይፈጥራሉ።

አሁን የቪኒል ሽፋኑ ይወልቅ እንደሆነ ይመርምሩ። መቀመጫውን ገልብጠው ጠርዙን ይመልከቱ፦ በስቴፕል፣ በቀለበት ሽቦ ወይም በፕላስቲክ ጠርዝ ከተያያዘ ከኋላ ጀምረው ቀስ ብለው ሊያወልቁት ይችላሉ። ስፖንጁ ሽፋኑ ውስጥ ተሞልቶ የደረቀና ከቪኒሉ ጋር የተዋሃደ ከሆነ ግን አይጎትቱ፤ ሲላቀቅ ስፖንጁን ገንጥሎ ይወጣል።

1. ሽፋኑ ከወለቀ ስፖንጁን በሁለት ደረቅ ጨርቆች መካከል አድርገው ይጫኑት፤ ጨርቁ እርጥበት መምጠጥ እስኪያቆም ይቀያይሩ። አይጠምዝዙት፤ ይቀደዳል።
2. አየር በሚመላለስበት ጥላ ውስጥ በጎኑ ያቁሙት። ቀጥተኛ ፀሐይ የተገለጠ ፖሊዩሬቴንን ያቢጫል፣ ያፈረፍራል።
3. ሽፋኑ የማይወልቅ ከሆነ መቀመጫውን ከፊት ጠርዙ ላይ ያቁሙት፤ በሥሩ ያሉት ቀዳዳዎች ወደ ነፋሱ ይዙሩ። በየቀኑ ያገላብጡት።
4. ማራገቢያ ካለ ይጠቀሙ፤ ትኩስ አየር የሚነፋ መሣሪያ አያቅርቡ።

መድረቁን በእጅ ዳሰሳ ማወቅ አይቻልም። መቀመጫውን ወይም ስፖንጁን በሚዛን ላይ አድርገው ክብደቱን ይጻፉ፤ በማግስቱ በዚያው ሰዓት እንደገና ይመዝኑ። ከቀነሰ ገና ውሃ እየወጣ ነው። ለሁለት ተከታታይ ቀን አንድ ዓይነት ክብደት ካሳየ ደርቋል። ከዚህ የተሻለ መለኪያ የለም፤ ሚዛን ከሌለዎት ተጨማሪ ቀናት ይስጡት።

ስፖንጁ ሲታሽ ዱቄት የሚሆን ወይም ሽታው ከደረቀም በኋላ የማይለቅ ከሆነ ይጣሉት። አዲሱ ስፖንጅ ውፍረቱና ጥንካሬው ከቀድሞው ጋር ይስተካከል። በጣም ወፍራም ወይም ጠንካራ ከሆነ ቀላል ሰው ሲቀመጥበት ስዊቹን አይጫነውም፤ በጣም ለስላሳ ከሆነ በቀላሉ ይተኛና ሰው በሌለበትም ስዊቹ ተጭኖ ሊቀር ይችላል።

ደረጃ 8፦ ላሜራውንና የውሃ መውጫውን ይሥሩ

ስፖንጁ የተነሳበትን ላሜራ በካቻቢቴ ጫፍ እየወጉ ይፈትሹ፤ በተለይ በብሎኖቹ ዙሪያ። ጫፉ ካለፈ ወይም ብረቱ ከታጠፈ ቀለም አያድነውም፤ ላሜራው ይቀየራል ወይም በብየዳ ባለሙያ ይታደሳል። ላዩን ብቻ የዛገውን በሽቦ ብሩሽ፣ በ80 ከዚያም በ120 ብርጭቆ ወረቀት አጽድተው፣ አቧራውን ጠርገው ዝገት መከላከያውን ይቀቡ። ሲደርቅ የላይ ቀለሙን ሁለት ጊዜ፣ በስሱ። ቢያንስ 24 ሰዓት ሳይሞላው ስፖንጅ አይጫንበት፤ ያልደረቀ ቀለም ይጣበቃል።

ላሜራው ዝቅ ባለው ቦታ ላይ ውሃ መውጫ ቀዳዳ አለው? በጭቃ ከተደፈነ ይክፈቱት። ጨርሶ ከሌለው ከ6 እስከ 8 ሚሊሜትር የሆነ ቀዳዳ ይብሱ፤ ጠርዙን አለስልሰው ይቀቡ። የሚበሳው ስፖንጁና ስዊቹ ከወጡ በኋላ ብቻ ነው፤ ከሐዲዱ ማሰሪያና ከደህንነት ቀበቶው መያዣ ይራቅ።

ሐዲዱን ከአሮጌ ግራሶና ከአፈር አጽድተው፣ በደረቅ የሚያለሰልስ ስፕሬይ ወይም ግራፋይት ይጠቀሙ። ወፍራም ግራሶ አቧራ ይይዝና እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይበላዋል።

ደረጃ 9፦ ስንጥቅና ስፌት

ርዝመቱ ከ5 ሴንቲሜትር የማይበልጥ ስንጥቅ በዚህ መንገድ ይጠገናል፦ ከስንጥቁ በየአቅጣጫው 2 ሴንቲሜትር የሚሰፋ የቪኒል ወይም የጠንካራ ጨርቅ ቁራጭ ይቁረጡ፤ በስንጥቁ በኩል ወደ ውስጥ አስገብተው ይዘርጉት፤ ሲደርቅ የማይደድር የቪኒል ሙጫ ከሥርና ከጠርዞቹ ይቀቡ፤ ጠርዞቹን አገናኝተው በዘይት ወረቀት ላይ ክብደት ጭነው እስከ ማግስቱ ይተዉት። ቅጽበታዊ ሙጫ አይጠቀሙ፤ እንደ ብርጭቆ ይደድርና ቪኒሉን ከጎኑ በአዲስ መስመር ይሰነጥቀዋል። ማሸጊያ ስኮችም እንዲሁ መፍትሔ አይደለም፣ ውሃ ከሥሩ ይዞ ያስቀምጣል።

የተተረተረ ስፌት ከሆነ በፖሊስተር ክርና በጎባጣ መርፌ በአሮጌዎቹ ቀዳዳዎች በኩል ይስፉት። አዲስ ቀዳዳ በአሮጌው አጠገብ መብሳት ቪኒሉን በዚያ መስመር እንዲቀደድ ያደርጋል። የጥጥ ክር በእርጥበት ይበሰብሳል። ስፌቱ ሲያልቅ ቀዳዳዎቹን በስፌት መድፈኛ ፈሳሽ ይሸፍኑ፤ ውሃ የሚገባው በዋናነት በዚያ ነው።

ቪኒሉ በሙሉ ደድሮ፣ ሲታጠፍ ነጭ መስመር የሚያሳይና እንደ መረብ የተሰነጣጠቀ ከሆነ መጥገኑን ይተዉት። ማለስለሻው ተሟጦ አልቋል፤ አንዱን ሲደፍኑ ሌላው ይከፈታል። አዲስ ሽፋን ያሰፉ።

የደህንነት ቀበቶ ካለ በዚህ ጊዜ ይመርምሩት። ፀሐይ የመታው ቀበቶ ቀለሙ ይገረጣል፣ ጠርዙ ይንጨባረራል። የተቆረጠ ወይም የተንጨባረረ ቀበቶ አይሰፋም፣ ይቀየራል። መያዣ ብሎኖቹንም በሌላ ብሎን አይተኩ።

ደረጃ 10፦ የፀሐይ መከላከያ ይቀቡ

ቪኒሉ ንጹሕና ደረቅ ሲሆን በውሃ የተሠራውን መከላከያ በጨርቅ ላይ አድርገው በስሱ ይቀቡ፤ ጥቂት ቆይተው በሌላ ደረቅ ጨርቅ ይወልውሉ። ፀሐይ በሚበረታበት ሥፍራ በየ4 እስከ 6 ሳምንት ይደግሙታል። መሪውን፣ ፔዳሉንና መረገጫውን አይቀቡ፤ ያንሸራትታሉ።

ቫዝሊን፣ የተቃጠለ የሞተር ዘይትና የምግብ ዘይት ቪኒሉን ለጊዜው ያብረቀርቁታል። የነዳጅ ውጤት የሆኑት ማለስለሻውን ያወጡታል፤ የምግብ ዘይቱ ይሻግታል፣ አይጥም ይጠራል።

ደረጃ 11፦ አቀማመጥና ሽፋን

መቀመጫው ለረጅም ጊዜ ከትራክተሩ ተለይቶ የሚቀመጥ ከሆነ ጣራ ባለው ደረቅ ቦታ፣ ከወለሉ ቢያንስ 10 ሴንቲሜትር ከፍ ባለ እንጨት ላይ፣ በትክክለኛ አቋሙ ያስቀምጡት። የሲሚንቶ ወለል እርጥበት ያስተላልፋል። ሌላ ዕቃ አይጫንበት፤ ስፖንጁ የተጎደጎደበትን ቅርጽ ይዞ ይቀራል። አየር በሚያስገባ ጨርቅ ይሸፍኑት። ከማዳበሪያ ያርቁት፤ ማዳበሪያ እርጥበት ይስባል፣ ብረትም ይበላል። አይጦች ስፖንጅ ይወዳሉና የላሜራውን ትላልቅ ቀዳዳዎች በሽቦ መረብ ይዝጉ፣ በየወሩ ከሥር ይመልከቱ።

በትራክተሩ ላይ እንዳለ ለሚሸፈን መቀመጫ ሽፋኑን እንዲህ ያሰፉ፦

- ጨርቁ፦ ውሃ የማያስገባ ሽፋን የተቀባ ጠንካራ ፖሊስተር ወይም ለውጭ የተሠራ አክሪሊክ ሸራ፤ ቀለሙ ፈዛዛ። ጥቁር ሽፋን ሥሩን ያግላል።
- ልኩ፦ ከመቀመጫው የፊት ጠርዝ ሥር ጀምረው፣ በላዩ፣ በመደገፊያው ፊት፣ በጫፉ ዞረው፣ በጀርባው እስከ ታች ይለኩ። በሁለቱም ጫፍ 15 ሴንቲሜትር ይጨምሩ። ለምሳሌ ከፊት ጠርዝ እስከ መደገፊያው 50፣ መደገፊያው ወደ ላይ 45፣ በጀርባ ወደ ታች 60 ቢሆን 155 ላይ 30 ተጨምሮ 185 ሴንቲሜትር ይሆናል። የጎኑን ወርድም እንዲሁ ያሰሉ።
- አየሩ፦ ሥሩ ክፍት ይሁን። በጀርባው ከፍ ብሎ ሁለት አየር መውጫ ያድርጉ፤ ዝናብ እንዳያስገቡ ከላይ የሚወርድ ክዳን ይሰፋላቸው።
- ማሰሪያው፦ በጠርዙ ውስጥ ገመድ ያስገቡ። ላስቲክ ብቻ ከሆነ ፀሐይ ያላላዋል፤ የላላ ሽፋን ደግሞ በነፋስ እየተንገላታ ቪኒሉን ይፍቀዋል።

ይህ ሽፋን ለማቆሚያ እንጂ ለመቀመጫ አይደለም፤ ያዳልጣል። ከማስነሳትዎ በፊት ያውልቁት።

ደረጃ 12፦ መልሰው ይግጠሙ

1. የብሎኖቹን ጥርስ በሽቦ ብሩሽ ያጽዱ። የናይለን ቀለበት ያላቸውን ዳዶዎች በአዲስ ይተኩ፤ አንዴ የተፈታ ናይለን አጥብቆ አይዝም።
2. አራቱንም ብሎን በእጅ ያስጀምሩ። አንዱን አጥብቀው ወደ ሌላው ከሄዱ የመጨረሻው ቀዳዳ አይገጥምም።
3. ሽቦውን በፎቶው መሠረት ያሳልፉ፤ ሶኬቱን ጠቅ እስኪል ያስገቡ።
4. ሳያጠብቁ መቀመጫውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያንሸራቱ፤ ሽቦው ሲሳብ ወይም ሲቆነጠጥ ይታያል።
5. በዲያጎናል እያፈራረቁ ያጥብቁ። የአምራቹ የማጥበቂያ ኃይል ልክ ካለ እሱ ይቀድማል። ከሌለ፣ ራሱ ላይ 8.8 የሚል ላለው የ8 ሚሊሜትር ደረቅ ብሎን ወደ 25 ኒውተን ሜትር፣ ለ10 ሚሊሜትሩ ወደ 50 ኒውተን ሜትር ነው። ጥርሱ በዘይት ከተቀባ ወይም ላሜራው ስስ ከሆነ ይቀንሱ።
6. የባትሪውን ገመድ መልሰው ይሰሩ፤ ኔጋቲቭ መጨረሻ።

ሐዲዱ ከተጠበቀ በኋላ ከደነደነ ሁለቱ ሐዲዶች ትይዩ አይደሉም። አላልተው መቀመጫውን ሁለት ጊዜ ከጫፍ እስከ ጫፍ ካንሸራተቱ በኋላ እንደገና ያጥብቁ።

ደረጃ 13፦ ሥራ ሳይጀምሩ ይፈትሹ

መቆለፊያው በየጥርሱ መያዙን ተቀምጠው ወደ ፊትና ወደ ኋላ በመግፋት ያረጋግጡ። በጉዞ ላይ የሚለቅ ሐዲድ አሽከርካሪውን ከፔዳሉ ያርቀዋል።

ከዚያ ስዊቹ። ፒቲኦው ላይ ምንም ዕቃ ሳይታሰር፣ ፍሬን ተይዞ፣ በአካባቢው ሰው ሳይኖር ሞተሩን ያስነሱ፤ ፒቲኦውን ያገናኙ፤ መሪውን ይዘው ሳይወርዱ ከመቀመጫው ቀና ይበሉ። እንደ ሞዴሉ ሞተሩ ወይም ፒቲኦው ይጠፋል፣ አለዚያም ማስጠንቀቂያ ይሰማል፤ አንዳንዱ ጥቂት ሰከንድ ይዘገያል። ምንም ለውጥ ከሌለ ሞተሩን አጥፍተው ሶኬቱን ይንቀሉና ቴስተሩን በስዊቹ በኩል ባሉት ሽቦዎች ላይ ያድርጉ፤ መቀመጫውን ሲጫኑና ሲለቁ ንባቡ መቀያየር አለበት። ካልተቀየረ ስዊቹ ሞቷል ወይም ስፖንጁ አይጫነውም። ይህ ሳይስተካከል ትራክተሩ ወደ ሥራ አይውጣ።

በየቀኑ የሚደረገው

መቀመጫዎ ወደ ፊት የሚታጠፍ ከሆነ ሲያቆሙ ሁልጊዜ አጥፈው ይተዉት፤ ውሃ አይተኛበትም፣ ፀሐይም የምታገኘው ሥሩን ነው። የማይታጠፍ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚበረታበት አቅጣጫ ወደ መቀመጫው ጀርባ እንዲሆን ያቁሙ። ሽፋኑን ከማልበስዎ በፊት መቀመጫውን በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ላብና ጤዛም ውሃ ናቸው። ከከባድ ዝናብ በኋላ ሰማዩ ሲከፈት ሽፋኑን አንስተው አንድ ሁለት ሰዓት ያናፍሱት፤ ሽፋኑንም ገልብጠው ያድርቁ።